የዳነው አዝመራ ዕዳ

ቸሩ አምላክ ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍሎ ለሰው ልጅ ኑሮ እንዲስማማ አድርጎ ሰጥቶናል። ከአራቱም አንዱ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ የሚቆየው የመፀው ወራት ነው። በዚህ ወራት የክረምቱ ደመና ተገፎ ሰማዩ ይጠራል፤ ወንዙ ይጎድላል፤ መስኩ በአደይና በኑግ አበባ ቢጫ ይለብሳል፤ ገብሱ ያሽታል፤ ጤፉም ዘለላውን ዘርግቶ በነፋስ ይወዛወዛል። ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉትን 40 ቀኖች ዘመነ ጽጌ ብላ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን ታስብባቸዋለች። ይህን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ ምድር በአበባ በተሸለመችበት በዚያው ወራት ስደትና ረኃብ ይታሰባል። ደስታና ኀዘን በአንድ ወራት መገናኘታቸው ግን ለገጠሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኑሮው ራሱ እንደዚህ ነውና።

የመፀው ወራት በመንገድ ለሚያልፍ ሰው የአበባና የፀሐይ ወራት ሆኖ ይታየዋል። በገበሬው ቤት ግን ተስፋና ፍርሃት እየተፈራረቁ የሚነግሡበት ወራት ይህ ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከሐምሌና ከነሐሴ ጀምሮ እየተሟጠጠ መጥቶ የጎታው ወለል ይታያል፤ እናት የሚፈጨውን እህል ከሳምንት ወደ ሳምንት እያሳነሰች ትሰፍራለች፤ አባትም በክረምት የተበደረውን በልቡ ይቆጥራል። በዚህ መካከል የባቄላው እሸት ይደርሳል። ልጆቹ ከማሳው ዳር እሸቱን ጠብሰው ሲበሉ የቤቱ ጭንቀት ለአንድ ቀን ይረሳል፤ ባልና ሚስትም በነሐሴ የተነጋገሩትን ክፉ ቃል ይተዋሉ። በማግሥቱ ደግሞ ያልተጠበቀ ዝናም በታጨደው ገብስ ላይ ሲወርድ ደስታው ተመልሶ ይጠፋል። ትንሹ ልጅ ወፍ ሊጠብቅ ወንጭፉን ይዞ ወደ ማማው ይወጣል፤ ትምህርት ቤቱም የተከፈተው በዚሁ ወራት ነውና አባት ልጁን ለማሳው ይስጥ ወይስ ለትምህርቱ እያለ ሲያመነታ ያድራል። እንደዚህ ያለው መውጣትና መውረድ በታሪክ መጽሐፍ አይጻፍም። ነገር ግን የሰው ነፍስ ይልቁን የምትፈተነው በዚህ በዕለት ተዕለቱ ኑሮ ነው።

ከከተማ የመጣ እንግዳ በጥቅምት ሌሊት ወደ ደጅ ወጥቶ ከዋክብቱን ሲያይ የሰማዩን ጥራት ያደንቃል። ገበሬው ግን ያንኑ ሰማይ ሲያይ ልቡ ይሸበራል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ ያውቃልና። የነገሩም አኳኋን እንዲህ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ሆኖ በቀን ያገኘችውን ሙቀት በሌሊት ፈጥና እንዳታጣ ይሸፍናታል። ሰማዩ በጠራ ጊዜ ግን ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትሰዳለች፤ ከእርሷ ጋር የተያያዘውም አየር ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ይከብዳልና እንደ ውሃ ቁልቁል እየወረደ በረባዳው ስፍራ ይተኛል። ስለዚህ ሲነጋ ከታች ያለው ባቄላ እሳት እንደ ለበለበው ጠቁሮ ሲገኝ፥ በተዳፋቱ ላይ ያለው ለምለም እንደ ሆነ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትም አንዳንድ ጊዜ ሰው ተጣርቶ ከሚሰማማበት አይበልጥም።

እንግዲህ በደጋው አገራችን ለሚደርሰው ነገር አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ተካፈሉ እንበል። ታላቁ ተዳፋቱን፥ ታናሹ ረባዳውን ወሰደ። አባታቸው በሕይወት በነበረ ጊዜ ሁለቱም ማሳ የአንድ ቤት ነበር። ዝናሙ በነሐሴ ቀድሞ በወጣበት ዓመት ተዳፋቱ ሲደርቅ ረባዳው እርጥበቱን ይዞ ቤቱን ይመግብ ነበር፤ ውርጭ በበረታበት ዓመት ደግሞ ረባዳው ሲመታ ተዳፋቱ ይተርፍ ነበር። እህሉ በአንድ ጎተራ ይገባ ስለ ነበረ ልጆቹ የትኛው ማሳ እንደ ጠፋ የትኛው እንደ ዳነ ሳይለዩ በልተው ያድሩ ነበር። አባት ከሞተ በኋላ ግን መሬቱ ተከፈለ፤ ከመሬቱም ጋር አደጋው ተከፈለ። ቀድሞ አንዱ ማሳ ለሌላው ዋስ ነበረ፤ አሁን ግን በመካከላቸው የወሰን ድንጋይ ተተከለ።

በጥቅምት አንድ ሌሊት ውርጭ ወርዶ የታናሹን ባቄላና ጤፍ መታ፤ የታላቁ ግን ዳነ። ኅዳር በገባ ጊዜ የታላቁ ሚስት በማለዳ ወጥታ ወደ ታች ስትመለከት ከታናሹ ቤት ጢስ የማይወጣባቸው ቀኖች እየበዙ መሄዳቸውን አየች። ማታም ከምድጃው ዳር ተቀምጣ፥ «ከታች ቤት ዛሬም እሳት አልነደደም» አለች። ባልዋም ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «የዛሬ ሦስት ዓመት የእኔ ማሳ ሲደርቅ ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ እርሱ በዓል እየሻረ ያርስ የለምን?» ብሎ መለሰላት። ልጆቹ በመደቡ ላይ ተኝተው ይሰሙ ነበር።

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። የዳነው ሰው ለተመታው ሰው ምን አለበት? ቢሰጠውስ የሰጠው ምጽዋት ነውን ወይስ ዕዳውን መክፈል ነው?

በመጀመሪያ «በዓል ሽሮ ነው» የሚለውን ቃል እንመርምር። በብዙ የገጠር ሰበካ በረዶና ውርጭ በወረደ ጊዜ ምክንያቱ እገሌ በበዓል ቀን ማረሱ ነው ሲባል ይሰማል። በዓልን ማክበር የሚገባ መሆኑን የምንክድ አይደለንም። ነገር ግን በዓልን ማክበር ለፈጣሪያችን ያለን ፍቅር ምልክት ነው እንጂ በጎረቤት ላይ ለምናቀርበው ክስ ማስረጃ ሊሆን አይገባውም። ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተናገረ ጊዜ፥ እነዚያ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጦ፥ የሚሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሓ እንደ ጠራቸው ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 13 ጽፏል። የኢዮብም ወዳጆች መከራውን አይተው ኀጢአት ሲፈልጉለት ውለው በመጨረሻ የተገሠጹት እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

ምናልባት ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 4 እግዚአብሔር በአንዱ ከተማ አዝንሞ ሌላውን እንደ ከለከለ ተናግሮ የለምን? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አዎን፥ ተናግሯል። ነገር ግን ነቢዩ የተናገረው ተልኮ ነው፤ ደግሞም ሕዝቡን በአንድነት ለንስሓ ጠራ እንጂ ዝናም ያገኘውን ከተማ ጻድቅ ነህ ብሎ አላመሰገነውም። እኛ ግን ሳንላክ እንናገራለን፤ የምንናገረውም ራሳችንን ነጻ ለማውጣት ነው። ውርጩ ሲወርድ የለየው የምድሩን ከፍታና ዝቅታ ነው እንጂ የባለቤቱን ጽድቅና ኀጢአት አይደለም። በተዳፋቱም ላይ በዓል የሚሽር አለ፤ በረባዳውም ሁሉን የሚያከብር ድኻ አለ። እንግዲህ ነገሩን ጠልቀን ብናየው ይህ ክስ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የተመታው ሰው ኀጢአተኛ ከተባለ የዳነው ሰው ምንም ዕዳ አይኖርበትም፤ ስለዚህ ክሱ የሚጠብቀው የበዓሉን ክብር ሳይሆን የከሳሹን ጎተራ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፥ «ይህ የላቤ ዋጋ ነው» የሚለው ነው። ላብ ክቡር ነው፤ ሊሠራ የማይወድ ሰው መብላትን እንዳይሻ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ጽፏል። ሆኖም በዚህ በያዝነው ነገር ታናሹም እንደ ታላቁ አርሷል፤ እንደ ታላቁም ዘርቶ አርሟል። ላባቸው እኩል ነው። ልዩነቱን ያመጣው ላብ ሳይሆን የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ታላቁም ተዳፋቱን የወሰደው ውርጩን አስቀድሞ አውቆ አይደለም። ስለዚህ በጎተራው ውስጥ ካለው እህል ከፊሉን ላቡ አምጥቶለታል፤ መዳኑን ግን በነጻ ተቀብሎታል። በነጻ የተቀበሉትን እንደ ገዙት አድርጎ መያዝ ሐሰት ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋ የተወቀሰው እርሻው ስላፈራለት አልነበረም። ነገር ግን ፍሬውን ባየ ጊዜ የተነጋገረው ከገዛ ነፍሱ ጋር ብቻ ነበር፤ በአሳቡም ውስጥ ጎረቤት የሚባል አልነበረም።

ስለዚህ የዳነ አዝመራ ዕዳ አለበት ብንል ከመጠን ያለፈ ነገር አልተናገርንም። ሐዋርያው በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 8 የአንዱ ትርፍ ዛሬ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ፥ በሌላም ጊዜ የዚያኛው ትርፍ የዚህኛውን ጉድለት እንዲሞላ፥ በመካከላቸውም መተካከል እንዲሆን ያስተምራል። የሁለቱ ማሳ ነገር ይህ አይደለምን? ዘንድሮ ውርጭ ነው፤ ከርሞ ድርቅ ይሆናል። ዘንድሮ የዳነው ተዳፋት ከርሞ የረባዳውን እጅ ያያል። አባት ሁለቱን ማሳዎች በአንድ ጎተራ ያገናኛቸው ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ በፍቅር ሊያገናኟቸው ይገባል። መሬቱ እንዲከፈል ሕግ ይፈቅዳል፤ መተሳሰቡ እንዲከፈል ግን ሕግም አባትም አላዘዘም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፥ «ለወንድሜ ሰጥቼ ነገ ልጆቼ ቢራቡስ?» የሚል ነው። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ ለቤቱ የማያስብ አባት አይመሰገንምና። ዮሴፍም በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ከአምስት እጅ አንዱን እንዲያከማቹ መክሯል፤ ማከማቸት በራሱ በደል አይደለም። ነገር ግን ዮሴፍ ያከማቸው በረኃቡ ጊዜ ጎተራውን ሊከፍተው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይስጥ፤ የልጆቹን ቀለብና የከርሞውን ዘር ለይቶ ከቀረው ይስጥ፤ ጥቂት ከሆነ ጥቂት ይስጥ። አንድ ቁና እህል የወንድምን ቤት እስከ በልግ አያደርስም፤ ነገር ግን ያ ሰው ብቻውን እንዳልቀረ ያውቅበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፥ «ለእኔ ማን ሰጠኝ?» የሚለው ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳምም ነው፤ እውነት ሊሆን ይችላልና። የተቀየመን ሰው ቂምህ ሐሰት ነው ብንለው አይሰማንም። ነገር ግን እንዲህ ብለን እንጠይቀው። ያን ጊዜ ሳትጠየቅ በመቅረትህ የተሰማህን መራራነት ታስታውሳለህን? እንግዲያስ የዚያን ጣዕም ከአንተ ይበልጥ የሚያውቀው ማን ነው? ያልተደረገልህ ነገር ለሌላው እንዳታደርግ ሕግ ሆኖ ከተጻፈ፥ ይህ ነገር ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሁለቱ ቤቶች ለዘለዓለም ተዘጋግተው ይኖራሉ። ከሁለቱ አንዱ መጀመር አለበት፤ ለመጀመር የሚችለውም ዘንድሮ እህል ያለው ነው።

አሰጣጡም እንደ ስጦታው ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባቶቻችን የመረዳዳት መልካም ልማድ አቆይተውልናል። በወንፈል ዛሬ ለአንተ የሠራሁትን ያህል ነገ ለእኔ ትሠራልኛለህ፤ በደቦና በጅጌ ብዙ ሰው ተጠርቶ ያጭዳል፥ ባለቤቱም ምግብና ጠላ ያቀርባል፤ ዕድርም ሞት በደረሰ ጊዜ ኀዘንተኛውን ይደግፋል። ይሁን እንጂ አዝመራው ለተመታበት ሰው እነዚህ ሁሉ በቀላሉ አይደርሱለትም። ደቦ እንዳይጠራ የሚታጨድ አዝመራም ለጠላ የሚሆን እህልም የለውም፤ ወንፈል እንዳይገባ ጉልበቱ በረኃብ ደክሟል፤ ዕድሩም የሚመጣው ለሞተ እንጂ ለተራበ አይደለም። ለወደቀው የሚደርሰው እርዳታ ሳይጠሩት የሚመጣ እርዳታ ብቻ ነው። ይልቁንም ባልዋ የሞተባትና መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ሴት ማሳዋ በተመታ ጊዜ ድርሻዋ የባዶ እኩሌታ ይሆናልና አስቀድማ ልትታሰብ ይገባታል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 አጫጆች የእርሻቸውን ዳርቻ አጥርተው እንዳያጭዱ፥ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተዉ ታዘዋል። ቦዔዝም ሩት በእርሻው ስትቃርም ባየ ጊዜ ከዚህ አልፎ፥ አጫጆቹ ከነዶው አውቀው እየጣሉ እንዲተዉላት፥ እንዳያሳፍሯትም አዘዘ። እኛም ከዚህ እንማር። ወንድምህን በአውድማህ ላይ ወቂያ እንዲያግዝህ ጥራውና ድርሻውን ስፈርለት፤ የተቀበለው እንደ ሠራተኛ ነውና አያፍርም። ሁሉ ተኝቶ ሳለ ልጅህን እንቅቡን አሸክመህ ላከው። ከሁሉም በላይ ዘሩን አስብለት፤ አዝመራው የጠፋበት ሰው የዘንድሮውን እንጀራ ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ዘር አጥቷል። ብታበድረው እንኳ በሰጠኸው ልክ ተቀበለው። በነሐሴ አንድ ዳውላ ሰጥቶ በታኅሣሥ ሁለት ዳውላ መቀበል፥ ይህም ከወንድም ሲሆን፥ ውርጩ የጀመረውን መፈጸም ነው።

የተመታውም ሰው የራሱ ፈተና አለበት። ማሳውን መምታት ያልቻለ እጅ ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ተመልሶ ሚስትና ልጅን ይመታል። ሚስትም ከተራቡት ልጆችዋ ጋር የባልዋን ቍጣ ትሸከማለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ለእረኝነት ይቀጠራል፤ ሴት ልጅም አንድ አፍ ይቀነስልናል በሚል አሳብ ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ መወሰኑ ይታወቃል። ነገር ግን ባዶ ጎታ በሕግ ቃል አይሞላም። በአንድ ክፉ ሌሊት የጠፋው ባቄላ ከርሞ ይበቅላል፤ የልጅቱ ልጅነት ግን ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ታላቅ ወንድም ለታናሹ የሚሰፍረው እህል የሚያድነው ሆድን ብቻ አይደለም፤ የልጆቹንም ዘመን ያድናል። የተመታው ሰውም ችግሩን በኩራት ሸሽጎ ልጆቹን ከሚጎዳ ይልቅ ለወንድሙ ገልጦ ቢነግረው ይሻላል፤ መለመን ካሳፈረው መበደር አያሳፍረውም።

ይህ ነገር የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አገራችን ራሷ ብዙ ማሳ ያላት አንድ ቤት ናት። በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በክፉ ቀን ዘመን የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ እርሻው በቆመ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ ሰው በዶማ እንዲቆፍር ምሳሌ ለመሆን በገዛ እጃቸው እንደ ቆፈሩ ታሪክ ይናገራል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ፈጀ፤ እስከ ዛሬም በኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈሩ ሲታጠን ያ ዘመን ይታሰባል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም፥ በዚሁ በመፀው ወራት፥ የበረሃ አንበጣ መንጋ በወሎና በራያ ለአጨዳ በደረሰው ማሽላና ጤፍ ላይ ወረደ። ገበሬው ከነቤተ ሰቡ ቆርቆሮ እየመታ፥ እየጮኸ ሊያባርረው ደከመ፤ መንጋው ግን አንዱን ማሳ ግጦ ሌላውን ሳይነካ ያልፍ ነበር። በእነዚህ ሁሉ የተመታና የዳነ ነበረ፤ በእነዚህም ሁሉ ያ የታላቁ ወንድም ጥያቄ ነበረ። በከተማ በደመወዝ የምንኖረውም ብንሆን እህሉን ከገበያ ገዝተን የምንበላ እንጂ ከውርጩ ውጭ የሆንን አይደለንም፤ በሩቅ ተዳፋት ላይ ያለን ወንድሞች ነን።

ካህናት አባቶቻችን ሆይ፥ በዚህ ወራት የምትናገሩት ቃል ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይመዘናል። በተመታው ሰው ደጅ ስትቆሙ ስለ ኀጢአቱ ከመናገር በፊት ስለ ዘሩ ጠይቁት። በዳነው ሰው አውድማ ላይ ስትቆሙ ደግሞ እህሉን ባርካችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ከታች ያለውን ቤት አስታውሱት። ምእመናን ሆይ፥ እህላችሁ ገና ከአውድማው ሳይነሣ ድርሻውን ለዩ፤ ጎተራ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ቁና የራሱ ምክንያት ያገኛልና።

በዚያች ማታ በመደቡ ላይ ተኝተው ይሰሙ የነበሩትንም ልጆች አንርሳ። እነርሱም አንድ ቀን የአባታቸውን መሬት ይካፈላሉ፤ አንዱ ተዳፋቱን፥ አንዱ ረባዳውን ይወስዳል። ያን ጊዜ የሚያስታውሱት አባታቸው በስብከት ቀን የሰማውን ሳይሆን በምድጃው ዳር የተናገረውን ነው። ማልዶ ተነሥቶ እንቅቡን ሞልቶ ወደ ታች ሲወርድ ያዩት እንደ ሆነ፥ ከመሬቱ የሚበልጥ ርስት አውርሷቸዋል።

የመፀውን አበባ ያሳየን አምላክ ፍሬውን በሰላም ያስገባልን፤ የዳነልንንም ከወንድሞቻችን ጋር እንድንካፈል ልቡናችንን ያነሣሣልን። አሜን።